ነርስ ተማሪዎቹን ዋርድ ውስጥ የሚያስተምራቸው ማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የመውጫ ፈተና ውጤት በወጣ ቁጥር ጋዜጣውም ሬዲዮውም ፌስቡኩም የሚያወራው ስንት ፐርሰንት አለፈ ስንት ፐርሰንት ወደቀ ነው፣ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ብዙ አሳለፈ የትኛው ኮሌጅ ተማሪዎቹን ጣለ ምናምን፣ መወራቱ ክፋት የለውም። እኔ ግን ነርስ ነኝ፣ ብዙውን ዕድሜዬን የሠራሁት እናቶችና ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው፣ በየዓመቱ ለአታችመንት (ለተግባር ልምምድ) የሚመጡ የዲግሪ ነርስ ተማሪዎችን እቀበላለሁ፣ ተመርቀው ተቀጥረው ሲመጡም የመጀመሪያውን ናይት ዱቲ አብረናቸው የምናድረው እኔና ባልደረቦቼ ነን፣ እና ፈተናው የማያየው ነገር ስላለ እሱን ልጽፍላችሁ ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው። እነዚህን ልጆች በሽተኛው አልጋ አጠገብ ቆሞ የሚያስተምራቸው ማን ነው? ወረቀት ላይ ያለውን ማለቴ አይደለም፣ የምር ሰውየው ማን ነው፣ ስንት ተማሪ ነው የያዘው፣ ለዚህ ሥራውስ ይከፈለዋል ወይ?

ዋርድ፣ በሽተኛ የሚተኛበት ክፍል ማለቴ ነው፣ የሠራ ሰው ሁሉ መልሱን ያውቀዋል፣ ባለቤት የለውም።

ሁኔታውን ላላየ ሰው ልንገር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዋርዱ በነጭ ጋውን ይሞላል። የሦስተኛ ዓመት ነርሶች አሉ፣ የአራተኛ ዓመት አሉ፣ ከግል ኮሌጅ የመጡ አሉ፣ ሚድዋይፈሪዎች አሉ፣ ጤና መኮንኖች አሉ፣ የሕክምና ተማሪዎችና ኢንተርኖች ደግሞ ራውንድ ላይ ናቸው፣ ሁሉም ያቺኑ አንድ ዋርድ ነው የሚጋሩት። በኦፕሬሽን ወልዳ ሁለተኛ ቀኗ የሆነች እናት ቁስሏ ሊታይ ሲገለጥ ከሃያ የሚበልጥ ሰው ይከባታል፣ ፊት የቆሙት ያያሉ፣ ከኋላ ያሉት የሚያዩት የጓደኞቻቸውን ጀርባ ነው፣ እናትየዋ ደግሞ አንሶላዋን እየሳበች «ኧረ ልጆቼ ትንሽ ራቅ በሉልኝ» ትላለች። ከዩኒቨርሲቲ የመጣው መምህር አቴንዳንስ ይይዛል፣ የኬዝ ፕረዘንቴሽን ርዕስ ያከፋፍላል፣ ከዛ ክላስ ስላለው ይሄዳል። አራት ሰዓት ሲሆን ግማሹ ኮሪደር ላይ ነው፣ ግማሹ ላይብረሪ ገብቷል። ዋርዱ ላይ ያለነው ነርሶች ሁለት ወይ ሦስት ብንሆን ነው፣ የመድኃኒት ሰዓት አለ፣ የሚወጣ በሽተኛ አለ፣ ኦክስጅን አለቀ የሚል አለ፣ አስታማሚ ይጠይቃል፣ በዚህ መሀል አንዷ ተማሪ መጥታ «ሲስተር ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ስታስገቢ ልይ» ስትል «እሺ ቆይ እጠራሻለሁ» እንላታለን፣ ሳንጠራት ይመሻል። አታችመንቱ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ሎግ ቡኩ፣ ተማሪው የሠራው የሚመዘገብበት ደብተር፣ ተከምሮ ይመጣል፣ ካቴተር ይሄን ያህል፣ ኤንጂ ቲዩብ (በአፍንጫ ወደ ጨጓራ የሚገባው) ይሄን ያህል፣ ድሬሲንግ ይሄን ያህል፣ «ሲስተር እባክሽ ፈርሚልን ነገ የመጨረሻ ቀናችን ነው»። ልጆቹ እንዳይጎዱ ተብሎ ይፈረማል። ያ ፊርማ እኮ «ይህቺ ልጅ ስትሠራ አይቻታለሁ፣ ትችላለች» ማለት ነበር።

አሁን አንድ ነገር በቅርበት ላሳያችሁ። የማንኛውንም ዋርድ የቫይታል ሳይን ቻርት ገልጣችሁ የትንፋሽ ረድፉን ተመልከቱ፣ 20፣ 20፣ 20፣ 20 ነው። በሽተኛው ይለያያል፣ ሰዓቱ ይለያያል፣ ትንፋሹ ግን ሁሌ 20 ነው፣ ምክንያቱም ሙቀትና ግፊቱን መሣሪያ ይለካዋል፣ ትንፋሽ ግን ሰዓት ይዞ ደረት እያዩ አንድ ደቂቃ ሙሉ መቁጠር ይፈልጋል፣ ያንን አንድ ደቂቃ ቆጥረሽ አሳዪኝ ብሎ ያስተማራቸው ሰው የለም። አንድ ቀን ግፊቷ ከፍ ብሎ እንዳያንቀጠቅጣት ማግኒዚየም ሰልፌት የሚባል መድኃኒት የተጀመረላት እናት ነበረችን። በየአራት ሰዓቱ 5 ግራም በጡንቻ ይሰጣል፣ ከመስጠትሽ በፊት ግን ሦስት ነገር ታያለሽ፣ ትንፋሿ በደቂቃ 16 እና ከዛ በላይ መሆኑን፣ የጉልበቷ ሪፍሌክስ (ሲመታ እግሯ መወርወሩ) መኖሩን፣ ሽንቷ በሰዓት ቢያንስ 30 ሲሲ መውጣቱን፣ ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አይሰጥም፣ ምክንያቱም መድኃኒቱ ሰውነቷ ውስጥ ተጠራቅሞ ትንፋሽ ያቆማል። አራተኛ ዓመት ተማሪ መድኃኒቱን ቀድታ ቆማለች፣ ቻርቱ ላይ ትንፋሽ 20 ተጽፏል። በይ አብረን እንቁጠር አልኳት። አንድ ደቂቃ ቆጠርን፣ 14። ጉልበቷን መታሁት፣ የለም። የሽንት ከረጢቱ ውስጥ ያለው ጥቂት ነው። መድኃኒቱን አስቀረነው፣ ሐኪም ጠራን፣ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ተዘጋጀ፣ እናትየዋ ደህና ሆና ከነልጇ ወጣች።

ከዛ በኋላ ልጅቷን ቁጭ አድርጌ ጠየቅኳት። የማግኒዚየም መርዛማነት ምልክቶችን በቅደም ተከተል ነገረችኝ፣ መጀመሪያ ሪፍሌክስ ይጠፋል፣ ከዛ ትንፋሽ ይቀንሳል፣ ከዛ ልብ፣ አንድም አልሳተችም፣ ማርከሻውንም ታውቃለች፣ ዶዙንም ታውቃለች። ትንፋሽ ስትቆጥሪ አጠገብሽ ቆሞ ያየሽ ሰው አለ ወይ ስላት ግን ዝም አለች፣ ቆይታ «ሲስተር፣ ስኪል ላብ ያለው ማኒኪን እኮ አይተነፍስም» አለችኝ፣ መለማመጃ ክፍል ያለውን የፕላስቲክ ሰው ማለቷ ነው። ይሄ ሰነፍ ተማሪ የሚሰጠው መልስ አይደለም፣ ጎበዝ ናት፣ ሸምድዳለች፣ ፈተናውንም እንደምታልፍ አልጠራጠርም። ያጣችው አንድ ደቂቃ አብሯት የሚቆም ሰው ነው።

ጨቅላ ሕፃናት ክፍልም ያው ነው። ጄንታማይሲን የሚባለው የኢንፌክሽን መድኃኒት 80 ሚሊግራም በ2 ሲሲ ነው የሚመጣው፣ ያ ማለት በአንድ ሲሲ 40 ሚሊግራም ነው። 3 ኪሎ የሚመዝን በመጀመሪያ ሳምንቱ ያለ ሕፃን በኪሎ 5 ሚሊግራም ሲታዘዝለት 15 ሚሊግራም ነው፣ እሱን ከብልቃጡ እንዳለ ብትቀጂው ከግማሽ ሲሲ ያነሰ ነው፣ ስሪንጅ ላይ አንድ መስመር መሳት ብዙ ማለት ነው። ስለዚህ አንዱን ሲሲ ወስደሽ 3 ሲሲ ማቅጠኛ ትጨምሪበታለሽ፣ አሁን በአንድ ሲሲ 10 ሚሊግራም ሆነ፣ ከሱ አንድ ተኩል ትሰጫለሽ። ክላስ ውስጥ ይሄን ሒሳብ የማይሠራ ተማሪ የለም። ሕፃን እያለቀሰ፣ እናት እያየች፣ ስልክ እየጮኸ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መሥራት ግን ሌላ ነገር ነው፣ አጠገብሽ ሆኖ «እስኪ ስንት ቀዳሽ አሳዪኝ» የሚል ሰው ይፈልጋል። የጄንታማይሲን ስህተት ኩላሊትና ጆሮ ነው የሚጎዳው፣ ጆሮው መጎዳቱ ደግሞ የሚታወቀው ልጁ አፉን የሚፈታበት ጊዜ አልፎ ነው።

እንዴት እዚህ ደረስን? እንደሚመስለኝ የአንድ ሰው ጥፋት አይደለም። ዩኒቨርሲቲው በዛ፣ ኮሌጁ በዛ፣ ተማሪው በዛ፣ ለአገሪቱ ባለሙያ ያስፈልጋት ስለነበረ መብዛቱ ራሱ ጥሩ ነበር፣ ማስተማሪያ ሆስፒታሉና አልጋው ግን በዛው ልክ አልበዛም። በመጋቢት 2012 በኮቪድ ምክንያት ዩኒቨርሲቲ ተዘጋ፣ ከዛ ጦርነት መጣ፣ ሴሚስተር ታጨቀ፣ ሲታጨቅ ደግሞ ቀድሞ የሚቆረጠው ተግባሩ ነው፣ ክላስ በፓወርፖይንት ቶሎ ይሸፈናል፣ ዋርድ ግን ቶሎ አይሸፈንም። መምህሮቹም ቢሆኑ፣ ይሄን ስል ክብር ነስቼ አይደለም፣ ብዙዎቹ ጥሩ ውጤት አምጥተው እንደተመረቁ እዛው ረዳት ምሩቅ ሆነው የቀሩ ናቸው፣ ከዛ ማስተርስ፣ ከዛ ሪሰርች። አንድ ሙሉ ዓመት ዋርድ ላይ ዱቲ ሳይገባ ፈንዳሜንታል ኦፍ ነርሲንግ የሚያስተምር ሰው አለ። ተማሪዎቹ ያውቁታል፣ እሱም ያውቀዋል፣ ለዛም ነው ዋርድ ሲመጣ ቶሎ የሚሄደው፣ እኔ አልፈርድበትም፣ እሱንም ማንም አልያዘውም። እኛ የዋርድ ነርሶች ደግሞ እጃችን ላይ ሙያው አለ፣ ማስተማር ግን በሥራ ዝርዝራችን ውስጥ በደንብ አልተቆጠረም፣ ጊዜ አልተሰጠበትም፣ በሠራሁባቸው ቦታዎች በኮሌጁና በሆስፒታሉ መካከል ኤምኦዩ (የመግባቢያ ሰነድ) ሲፈረም አይቻለሁ፣ ፕሪሴፕተር (ዋርድ ላይ ተማሪ የሚያሠለጥን ነርስ) የሚል ቃልም አለበት፣ ነርሷ ጋ የደረሰ ነገር ግን አላየሁም። አንድ ሰሞን የሁለት ቀን ሥልጠና ተሰጥቶን ሰርተፊኬት ወስደናል፣ በማግስቱ የምንይዘው በሽተኛ ብዛት ያው ነበር።

ፈተናውን በተመለከተ ተቃዋሚ አይደለሁም። የጤና ባለሙያዎች የብቃት ምዘና በ2011 ሲጀመር ደግ አደረጉ ካሉት ነኝ፣ የመውጫ ፈተናውም በ2015 ለሁሉም ተመራቂ ሆኖ ሐምሌ ላይ ሲሰጥ 50 ያመጣው ከተፈተነው 40 ፐርሰንት አካባቢ ብቻ መሆኑ አገሪቱን ማስደንገጥ ነበረበት፣ አስደንግጧልም። ግን ፈተናው ምርጫ ነው፣ ሀ ለ ሐ መ ነው። ምርጫ ጥያቄ የትንፋሽ ቁጥሩ ከ16 በታች ሲሆን ምን ታደርጊያለሽ ብሎ ይጠይቃል እንጂ ቆጥረሽ አምጪ አይልም። መንጃ ፈቃድ እንኳን በቲዎሪ ብቻ አይሰጥም፣ መኪናው ላይ ወጥተህ ትነዳለህ። ከዛ የባሰው ደግሞ የመጨረሻው ዓመት፣ ተማሪው ዋርድ ውስጥ ሥራ የሚለምድበት ዓመት፣ የዎርክሺትና የሞዴል ፈተና ዓመት ሆኗል። ተማሪ ዋርድ ውስጥ ቆሞ ስልኩ ላይ ቴሌግራም ቻናል ከፍቶ የጥያቄ ስብስብ ሲያነብ አያለሁ። ስልክህን አስቀምጥ እለዋለሁ፣ ያስቀምጣል፣ ግን ውስጤ ልጁን ይረዳዋል፣ አራት ዓመት የለፋበትን ዲግሪ የሚወስንለት ያ ወረቀት ነው፣ እኔ የማስተምረው የአልጋ ላይ ሥራ ለውጤቱ አንድ ነጥብ አይጨምርለትም።

ሌላ አገር እንዴት እንደሚሠራ ማየት አይጎዳም። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለአጠቃላይ ነርስ 4,600 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል፣ ከሱ ቢያንስ ግማሹ በሽተኛ ያለበት ቦታ መሆን አለበት። እንግሊዝም እንደዛው ነው፣ 2,300 ሰዓት ተግባር፣ እና እዛ ተማሪው እንደ ሠራተኛ አይቆጠርም፣ ሰው ጎደለ ተብሎ ክፍተት አይሞላበትም፣ ለመማር ነው የመጣው። ከ2018 ወዲህ ደግሞ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ዋርድ ላይ የሚያስተምረው ሰውና ብቁ ነው ብሎ የሚፈርመው ሰው ተለያይተው እንዲመደቡ አድርገዋል፣ ይሄ ነገር በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ያ የሎግ ቡክ ክምር እዛ ቦታ የለውም። አሜሪካ ደግሞ በፈረንጆቹ 2014 የወጣ ትልቅ ጥናት አለ፣ በ10 የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች የተሠራ፣ ከተግባር ሰዓቱ እስከ ግማሽ ድረስ በሲሙሌሽን (በሽተኛን አስመስሎ በሚሠራ ልምምድ) ቢተካ ተመራቂዎቹ እንደማይጎዱ አሳይቷል። እዚህ አገር ይሄን ጥናት እየጠቀሱ «በቃ ስኪል ላብ እናስፋፋ» የሚሉ አሉ፣ ስኪል ላብ ይስፋፋ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ጥናቱ የሠለጠነ አስተማሪና ጥሩ መሣሪያ ባለበት፣ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላም ተማሪው ቁጭ ብሎ ምን አደረግኩ ምን ጎደለኝ ብሎ በሚወያይበት ቦታ የተሠራ ነው፣ አንድ እጇ የተነቀለ ማኒኪንን አርባ ልጅ ሲከባት ያ ሲሙሌሽን አይባልም። አሜሪካ ሄደው ኤንክሌክስ የሚባለውን የነርስ ፈቃድ ፈተና የሚፈተኑ እህት ወንድሞቻችንም የሚነግሩን አለ፣ ፈተናው በፈረንጆቹ 2023 ተቀይሮ አሁን የአንድ በሽተኛን ታሪክ ይዘሽ ምን አየሽ፣ የቱ ያሳስባል፣ መጀመሪያ ምን ትሠሪያለሽ እያለ ይሄዳል፣ ሽምደዳ ብቻውን አያሻግርም።

ግን ከውጭ ብቻ አይደለም፣ እኛም ዘንድ ነበረ። ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ሰው ከፈጀ በኋላ በ1947 ጎንደር ላይ የተከፈተው የጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሱንና ሳኒታሪያኑን (የአካባቢ ጤና ባለሙያውን) በአንድ ላይ ነበር የሚያሠለጥነው፣ አብረው ወጥተው ጤና ጣቢያና መንደር ውስጥ እየሠሩ ነው የተማሩት። ጎንደርና ጅማ አሁንም ቲቲፒ የሚሉት አለ፣ የተለያየ ሙያ ተማሪዎች አንድ ላይ ሆነው ወደ ማኅበረሰቡ የሚወጡበት፣ ያለፉበትን ልጆች ጠይቋቸው፣ ከአራቱ ዓመት የማይረሱት እሱን ነው። ልዕልት ፀሐይም ቢሆኑ የንጉሥ ልጅ ሆነው ለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት የተማሩት በሽተኛ ሕፃናት መሀል ነው። የዱሮ ነርሶቻችን ሆስፒታሉ ውስጥ በነበሩ ትምህርት ቤቶች ነው የወጡት፣ እነሱ ያሠለጠኗቸው ሰዎች እጅ እስከዛሬ ይታወቃል፣ አንሶላ ሲያነጥፉ እንኳን ይታወቃል። ወደ ዱሮው እንመለስ እያልኩ አይደለም፣ ዲግሪው ያስፈልጋል፣ ፋርማኮሎጂ ሳያውቁ ማግኒዚየም መስጠት አይቻልም። ዲግሪው ያንን አጠገብ የሚቆም ሰው ማስቀረት አልነበረበትም ነው የምለው።

እና ምን ይደረግ ለሚለኝ፣ ከሁሉ በፊት ፕሪሴፕተር በስም ይመደብ። እያንዳንዱ ዋርድ ላይ ለማስተማር ፍላጎትና ልምድ ያላት ነርስ ትመረጥ፣ ተማሪ በያዘችበት ሰሞን የምትይዘው በሽተኛ ይቀነስላት፣ ክፍያዋን ዩኒቨርሲቲው ወይ ኮሌጁ ይሸፍን፣ ተማሪ የሚልከው እሱ ነዋ። አንድ ፕሪሴፕተር የምትይዘው ተማሪ ቁጥሩ ይወሰን፣ እኔ ከአራት ከአምስት በላይ የምር ማየት አይቻልም ባይ ነኝ። ዋርዱ ከዛ በላይ ካልቻለ ተማሪዎቹ ለከሰዓትና ለማታ ይከፋፈሉ፣ ከሰዓት ዋርዱ ባዶ ነው እኮ፣ ማታ ደግሞ የነርስ ሥራ በደንብ የሚታይበት ሰዓት ነው፣ ጤና ጣቢያዎችና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎችም አሉ፣ ሁሉም ለምንድነው ሪፈራል ላይ የሚታጨቀው? ሎግ ቡኩ በቁጥር መሞላቱ ይቅርና እያንዳንዱ ሥራ ቀንና የበሽተኛ ካርድ ቁጥር ተጽፎበት በዛው ዕለት ይፈረም። ምረቃ ላይ ደግሞ ከወረቀቱ ፈተና ጋር በእጅ የሚሠራ ፈተና ይኑር፣ ኦስኪ የሚባለውን ብዙ ትምህርት ክፍሎች ያውቁታል፣ አንዳንዶቹ ይሰጡታልም፣ ግን ለሁሉም እኩል ሆኖ ከሌላ ተቋም በመጣ ፈታኝ ይሰጥ።

ገንዘብ የለም እንደሚባል አውቃለሁ። የበሽተኛ ቁጥር መቀነስ ያልኩት ከባድ ነው፣ ነርስ ጎድሎ እንዴት ትቀንሳለህ ይባላል፣ እውነትም ከባድ ነው። ግን በሌላ በኩል ተመርቆ ፈቃድ ይዞ ሥራ ፈልጎ ቤቱ የተቀመጠ ነርስ በየከተማው አለ፣ ዋርድ ላይ ሰው ጠፋ የሚባለው በጀት ስለሌለ እንጂ ሰው ስለሌለ አይደለም። ተማሪ የሚልኩት ተቋማት ለሚጠቀሙበት ዋርድ አንድ ሁለት ነርስ የሚያስቀጥር ገንዘብ ቢያዋጡ ከተማሪው ከሚሰበስቡት ጋር ሲተያይ ብዙ ነው ብዬ አላምንም፣ ቢያንስ የግሎቹ ይችላሉ።

አዲስ ተቀጣሪዎቹንም እንዳልረሳ። ሐኪም ከመመረቁ በፊት ኢንተርንሺፕ የሚባል ሙሉ ዓመት አለው፣ ከሱ በላይ ያሉ ሰዎች እያዩት ይሠራል። ነርስ ግን ሰኞ ደብዳቤ ይዛ ትመጣለች፣ በዛው ሳምንት ናይት ትገባለች፣ ሌሊት ላይ ያ ሁሉ አልጋ በሷ ላይ ነው። በመጀመሪያው ወር ሽንት ቤት ገብተው ሲያለቅሱ ያገኘኋቸው አሉ፣ ሙያውን የተዉም አሉ፣ ሌላው ደግሞ ፈርቶ መጠየቅ ያቆማል፣ ከሁሉም አደገኛው እሱ ነው። ስድስት ወር፣ ቢያንስ ስድስት ወር፣ አዲስ ነርስ ብቻዋን ናይት እንዳትገባ የሚል መመሪያ ለማውጣት ጤና ሚኒስቴር አዲስ ሕንፃ አያስፈልገውም።

ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ልመና አለኝ። የሚቀጥለው ውጤት ሲወጣ ፐርሰንቱን ብቻ አትጻፉ፣ ጋዜጠኛ ላኩና አታችመንት ባለበት ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ዋርድ ውስጥ ይዋል፣ ተማሪዎቹን ዛሬ ማን አስተማራችሁ ብሎ ይጠይቅ፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎቹንና የሆስፒታል ሜትሮኖቹንም (የነርስ ኃላፊዎቹን) አንድ ላይ አድርጎ ይሄን ጉዳይ ማን ነው የሚይዘው ብሎ ይጠይቅ። መልሳቸውን እኔም ዋርዱ ላይ ያሉት ባልደረቦቼም እንጠብቃለን።

አክባሪያችሁ
ከአንድ ሪፈራል ሆስፒታል፣ ነርስ